የተሳሳተው ምሳሌዬ

ሰቆጣ እንግሊዝኛ ሳስተምር በአንድ ቃል ሰው በድያለሁ። ቃሉ «ዲያሌክት» ነው። ትርጉሙን አልሳትኩም፤ የአንድ ቋንቋ የአካባቢ ዘዬ፣ የጎጃምና የወሎ አማርኛ እንደሚለያዩት ያለ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። እዚያው ላይ ባቆም ደግ ነበር። ለልጆቹ የሚቀርባቸውን ምሳሌ ልስጥ ብዬ «ኽምጣና የአማርኛ ዲያሌክት ነው» የሚል ጨመርኩበት።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እናቴ እኮ አማርኛ አትሰማም። ዘዬ ከሆነ እንዴት አይገባትም?»

«የተጻፈውን ገልብጪ» አልኳት። ፈተና ላይ ያንኑ ዓረፍተ ነገር እውነት ወይም ሐሰት በሉ ብዬ አወጣሁት። «ሐሰት» ብላ መለሰች፤ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁባት። ከዚያ ወዲህ እጇን አላወጣችም።

ሰኔ ላይ እናቷ ካርድ ሊወስዱ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ብዙ ተናገሩ፤ አንዲት ቃል አልያዝኩም። ልጅቷ መሬት መሬቱን እያየች አስተረጎመችልኝ፦ «ድሮ ማታ ማታ የተማረችውን ታጫውተኝ ነበር፤ አሁን ትታዋለች፤ ምን አግኝቷት ነው? ትላለች።»

አውቀው ነበር። «ደህና ናት» አልኩ። እሷው ይህንኑ ለእናቷ መልሳ ተረጎመች።

አገላብጬ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ኽምጣና ከብሌን፣ ከቅማንትኛና ከአዊኛ ጋር የአገው ቋንቋ ነው፤ ግንዱ ኩሽ ነው፣ የአማርኛ ደግሞ ሴም። ኦስትሪያዊው ሊዮ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ቋንቋው ጥናት አሳትሟል። እንዲያውም አማርኛችን ግሡን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የሚያሳርፈው፣ ከግእዝ ልማድ ወጥቶ፣ ከአገውና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ በመኖሩ ነው የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ኽምጣናን ወሳጅ እንጂ ሰጪ አድርጌ አላየሁትም ነበር።

«ዲያሌክት» ራሱ ከግሪክ የመጣ ነው፤ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገባ። የግሪኩ ግሥ እርስ በርስ መነጋገር ማለት ነው። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ፣ የእናትና ልጅ የማታ ጨዋታ ነው።

ያን ጊዜ ክፍሌ ውስጥ የነበራችሁ፣ ደብተሩ ዛሬም በእጃችሁ ካለ ያንን መስመር ሰርዙልኝ። ኽምጣና ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። አንቺም ትክክል ነበርሽ፤ ይቅር በይኝ። ለእናትሽም እንዲሁ ብሏል በያቸው፣ በኽምጣና።