ያልሣቀው አሣቂ

ሣቅ ለሚሰማው ሰው ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለሚያዘጋጀው ሰው ግን ብዙ ድካምና ልክ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህንም ከሚያስረዱት አንዱ የአሜሪካዊው የሲኒማ አዘጋጅና ተጫዋች የበስተር ኪተን ሕይወት ነው።

ኪተን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. በካንሳስ ግዛት ፒኳ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ በትያትር ቤት የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩና ልጁም ገና በሕፃንነቱ ከእነርሱ ጋራ መድረክ ላይ ወጣ። ጨዋታቸውም አባት ልጁን እያነሣ መወርወር ነበር። ልጁ ወድቆ ሲነሣ ፈገግ ያለ እንደ ሆነ ተመልካቹ ዝም ይላል፤ ፊቱን ሳይለውጥ የተነሣ እንደ ሆነ ግን ቤቱ በሣቅ ይሞላል። ይህን ስለ ተረዳ ከዚያ ወዲያ ሰውን እያሣቀ ራሱ የማይሥቅ ሆነ።

በ1917 ዓ.ም. ወደ ሲኒማ ገባ፤ ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮም የራሱን ፊልሞች ያዘጋጅ ጀመር። አደጋውን ሁሉ በገዛ አካሉ ይቀበል ነበር። በ1924 ዓ.ም. «ሸርሎክ ጁንየር» የተባለውን ሲሠራ፣ ከማጠራቀሚያ የወረደ ውሃ በባቡር ሐዲድ ላይ ጣለውና የአንገቱ አጥንት ተሰበረ፤ ይህንም ያወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ሐኪም በራጅ ባየው ጊዜ ነው። በ1926 ዓ.ም. ለ«ዘ ጀነራል» እውነተኛ ባቡር ከሚቃጠል ድልድይ ላይ ወደ ወንዝ ጣለ። በ1928 ዓ.ም. በታየው «ስቲምቦት ቢል ጁንየር» ውስጥ ደግሞ የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ ሙሉውን ሲወድቅበት፣ በተከፈተው መስኮት ልክ ቆሞ ነበርና ዳነ። ልኩ ጥቂት ቢሳሳት ኖሮ በሞተ ነበር።

ነገር ግን «ዘ ጀነራል» ወጪው በዝቶ ገቢው አነሰ፤ ብዙ ጋዜጦችም ነቀፉት። በ1928 ዓ.ም. ኪተን ሜትሮ ጎልድዊን ማየር ወደሚባለው ታላቅ ኩባንያ በደመወዝ ገባ። ቻርሊ ቻፕሊን እንዳይገባ መክሮት ነበር፤ እርሱ ግን አልሰማም። በሳምንት 3000 ዶላር ይከፈለው ጀመር፤ የሥራው ጌቶች ግን ሌሎች ሆኑ። በዚያ የሠራቸው ባለ ድምፅ ፊልሞች ብዙ ገንዘብ ቢያስገቡም እርሱ አልወደዳቸውም። መጠጥ አሸነፈው፤ በ1932 ዓ.ም. ትዳሩ ፈረሰ፤ በ1933 ዓ.ም. ከሥራ ተሰናበተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዚያው ኩባንያ፣ በሳምንት 100 ዶላር፣ ሌሎች ተጫዋቾች የሚያሥቁበትን ነገር እየፈለሰፈ ይሰጣቸው ነበር።

በ1940 ዓ.ም. ኤሊኖር ኖሪስን አገባ፤ ኑሮውም ቀና። በ1949 ዓ.ም. ጸሐፊው ጄምስ ኤጂ በ«ላይፍ» መጽሔት ስለ ቀድሞዎቹ አሣቂዎች በጻፈ ጊዜ ሕዝብ ኪተንን አስታወሰ። ጠፍተዋል የተባሉ አንዳንድ ፊልሞቹም ቀድሞ ይኖርበት በነበረው ቤት ውስጥ ተገኙ። በ1965 ዓ.ም. በቬኒስ የሲኒማ በዓል ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። በ1966 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ ዐረፈ። በ1989 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት እንዲጠበቁ መጀመሪያ ከመረጣቸው 25 ፊልሞች አንዱ ያ የተነቀፈው «ዘ ጀነራል» ሆነ።

ኪተን ሀብቱንና ትዳሩን ሲያጣ፣ ለመቶ ዶላር ሲያገለግልም፣ ሰውን የማሣቅ ሥራውን አልተወም። ግድግዳ ሲወድቅ ባለበት መቆም ድፍረት ነው፤ ስም ሲወድቅ ሥራን ይዞ መቆየት ግን ከዚያ ይበልጣል።