የገል ሜዳ

ይህ መጽሔት የኪነ ጥበብ ነው። ስለ ቴኒስ የሚያወራ ጽሑፍ ምን አግብቶት ከዚህ ገባ የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ብዕሬን ሳነሣ ይህንኑ ጥያቄ ለራሴ አቅርቤ ነበር። ለመጻፍ ያስገደደኝ ባለፈው ዓመት ገርጂ በሚገኘው በአባቴ ግቢ የሆነው ነገር ነው። ለአዲስ ቤት መሠረት ሲቆፈር ሠራተኞቹ አካፋቸውን አቁመው ጠሩኝ። በጥቁሩ መረሬ አፈር ውስጥ፣ ከውጭው በር እስከ አሮጌው ቤት ደጃፍ፣ ስፋቱ ከሁለት ክንድ የማይበልጥ ቀይ መስመር ተዘርግቶ ታየ። «ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው? የጥንት ነገር ይሆን እንዴ?» አለኝ ከመካከላቸው አንዱ። የጥንት አልነበረም። አባቴ ከቴኒስ ሜዳ በጆንያ እየተሸከመ ያመጣው የተፈጨ ጡብ ነበር።

የምሥራቅ አዲስ አበባን መሬት የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይደንቀውም። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አንሥቶ ገርጂን፣ ሰሚትን፣ አያትን ይዞ የሚሄደው ምድር አብዛኛው መረሬ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጥና ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ዛሬ በአስፋልትና በኮንክሪት ተሸፈነ እንጂ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ገርጂ ጤፍ የሚዘራበት ገጠር ነበር። አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው ሲያልፉ የእርሻ በሬዎቹ ቀና እንኳ አይሉም ነበር። አባቴ በየማለዳው ያንን ጭቃ አቋርጦ፣ የቦሌን መንገድ ይዞ፣ መሀል ከተማ ወደሚገኝ አንድ የቴኒስ ክበብ በእግሩ ይወርድ ነበር። ሥራው ሜዳ ማሰናዳት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ አርጅቶ የሚጠረገውን የጡብ ዱቄት በጆንያ ቋጥሮ እያመጣ፣ እናታችን ውኃ ስትቀዳ እንዳትንሸራተት ከደጃፉ ጀምሮ ይነሰንሰው ነበር። በሰፈሩ ቀይ ምንጣፍ የነበረን እኛ ብቻ ነበርን።

የሸክላ ሜዳ ሲባል ሰው ሁሉ ከሸክላ አፈር የተሠራ ይመስለዋል። አይደለም። ከሥር ድንጋይ ይደለደላል፤ በድንጋዩ ላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ደቃቅ ነገር ይረበረባል፤ ቀዩ ግን የላዩ ልባስ ብቻ ነው። የፓሪሱ የሮላን ጋሮስ ሜዳ እንኳ፣ ያ በዓለም የታወቀ ቅላቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የጡብ ዱቄት ነው፤ ከሥሩ ነጭ የኖራ ድንጋይ አለ። ስለ አጀማመሩም የሚነገር ታሪክ አለ። ሬንሾ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች በ1880 ገደማ በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ ሲጫወቱ፣ ሣሩን ፀሐይ ቢያቃጥልባቸው፣ በአቅራቢያው ካለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር ከቫሎሪስ የተሰባበረ ሸክላ አስፈጭተው አለበሱት ይባላል። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ትክክለኛ ስሙ የገል ሜዳ ነው። (የውጭ አገሮቹን ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆቹ፣ የአገራችንን በእኛው አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢ ይወቅልኝ።)

ይህ የገል ልባስ በየቀኑ የሚሞትና በየቀኑ የሚነሣ ነገር ነው። አባቴ ፀሐይ ሳትወጣ ውኃ ያጠጣዋል፤ በእርጥብ ጆንያ ይጎትተዋል፤ ከዚያም እኛ ልጆቹ «ትንሹ ዳምጠው» ብለን የሰየምነውን የብረት መዳመጫ ይገፋበታል። በመጨረሻም ነጮቹን መስመሮች በእጅ መጥረጊያ አንድ በአንድ ይጠርጋል። እንጀራ ጋጋሪ ምጣዷን እንደምታስሰው ነበር የሚያስሰው። ውኃው ካነሰ አቧራው ይነሣል፣ ከበዛ ኳሱ ላይ ይለጠፋል፤ መጠኑን የሚያውቀው በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ነው። የአዲስ አበባ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈጥናል። በዓለም አቀፉ ደንብም ከ1219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የተለየ ኳስ ተፈቅዷል። የገል ሜዳ ግን ኳስ ያዘገያል፣ ከፍ አድርጎም ያነጥራል። ስለዚህ በእኛ ከተማ አየሩ ያፈጠነውን የአባቴ ጆንያና ውኃ መልሰው ያዘገዩት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሁሉንም አጥቦ ይወስደዋል፤ ከመስቀል በኋላ አባቴ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

የገል ሜዳ ሌላም ጠባይ አለው፤ ዱካ ይይዛል። ኳሱ ያረፈበት ቦታ እንደ ማኅተም ይታተማል፤ ክርክር ሲነሣም ዱካው ይታያል። እኔ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚያው ክበብ ኳስ አቀባይ ሆኜ ስሠራ አንድ ቀን ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከአንድ የባንክ ጸሐፊ ጋር ይጫወቱ ነበር። ኳሱ መስመሩ አጠገብ አረፈ፤ ባለሥልጣኑ «ገብቷል» አሉ፤ ጸሐፊው ዝም አለ። አባቴን ጠሩት። መጥረጊያውን አስቀምጦ ሄደ፤ በርከክ ብሎ ዱካውን በጣቱ ከበበና «ውጪ ነው፣ ጌታዬ» አለ። የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ባለሥልጣኑም አጎንብሰው አዩ፤ «እውነትህን ነው» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ይህን ያየሁት ልጅ ግን በማግሥቱ ትምህርት ቤት የአባቴን ሥራ ስጠየቅ «የክበብ ሠራተኛ» ብዬ አለፍሁ። ጠራጊ ነው ማለት አፈርሁ።

ከክበቡ ተጫዋቾች መካከል በካይሮ ያደገ አንድ ሽማግሌ አርመናዊ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ እኛ «ሙሴ» እንለዋለን። ጨዋታው እምብዛም ነው፤ ወሬው ግን ጣፋጭ ነበር። ስለ ካይሮው ዓለም አቀፍ ውድድር መጀመሪያ የሰማሁት ከእሱ ነው። የአውሮፓ ሜዳዎች ገና ከብርዱ ሳይወጡ፣ የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች በናይል መካከል ባለችው ደሴት፣ በገዚራ ክበብ የገል ሜዳ ላይ ይሰበሰቡ ነበር። ክበቡ በ1882 በእንግሊዞች የተቋቋመ ነው። «ሜዳውን በናይል ውኃ ነው የሚያጠጡት፤ ታዲያ እንደ ሐር ይለሰልሳል» አለ አንድ ቀን ሙሴ። አባቴ መዳመጫውን ሳያቆም «ናይል ማለት ዓባይ አይደለም እንዴ? በእኛው ውኃ ነዋ፣ ሙሴ!» አለው። ሙሴ ይህን ለየሰው እየተረከ ሲስቅ ከረመ።

ሙሴ ከሁሉ አብልጦ የሚያወራው ስለ ያሮስላቭ ድሮብኒ ነበር። ድሮብኒ በ1921 ፕራግ ላይ የተወለደ፣ መነጽር ያደረገ፣ ግራኝ ተጫዋች ነው። በ1948ቱ የክረምት ኦሊምፒክ ለቼኮዝሎቫኪያ በበረዶ ላይ ሆኪ የብር ሜዳልያ አግኝቷል። በ1949 በሐምሌ ወር ስዊስ አገር ግሽታድ ላይ ሲወዳደር፣ ጀርመኖችና ስፔኖች ስላሉበት አቋርጦ እንዲመለስ መንግሥቱ አዘዘው። እሱና ባልንጀራው ቭላዲሚር ቼርኒክ አንመለስም አሉ። በአንድ ቀን አገር አልባ ሆኑ። ድሮብኒ የብዙ አገሮችን በር ካንኳኳ በኋላ የተከፈተለት የግብፅ በር ነበር። የግብፅን ፓስፖርት ይዞ በ1951 እና በ1952 የፈረንሳይን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በካይሮውም ሜዳ ደጋግሞ ድል አደረገ። በ1954 ደግሞ በ32 ዓመቱ፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት የነበረውን አውስትራሊያዊ ኬን ሮዝዎልን ረትቶ የዊምብልደንን ዋንጫ አነሣ። በግብፅ ዜግነት ያንን ዋንጫ የወሰደ ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም የለም። ፓስፖርቱን የተቀበለው በንጉሥ ዘመን ነበር፤ ዋንጫውን ያነሣው በሪፑብሊክ ዘመን ነው። በመካከሉ ንጉሡም ዘውዱም ሄደዋል።

የኋለኛውን ታሪክ ያነበብሁት ራሴ ነው። በ1968 ሚያዝያ የእንግሊዞቹ የቦርንማውዝ ውድድር፣ እሱም በገል ሜዳ ላይ፣ ባለሙያውንና አማተሩን በአንድነት ያጫወተ የመጀመሪያው ክፍት ውድድር ሆነ። ድሮብኒ የረታው ያ ወጣት ሮዝዎል፣ አሁን ጎልማሳ ሆኖ፣ ሮድ ሌቨርን አሸንፎ 1000 ፓውንድ ተቀበለ። ከሴቶቹ ያሸነፈችው ቨርጂኒያ ዌድ አማተር ነኝ ብላ ገንዘቡን አልነካችም። ከዚያ ወዲህ ውድድርን የሚያኖረው ገንዘብና የቀን መቁጠሪያ ሆነ። ካይሮም በ1970ዎቹ ወደዚያ ገንዘብ ወዳለበት ዓለም አቀፍ ዙር ገባ። ግብፅ የራሷ ልጅ ኢስማኢል ኤል ሻፊ ነበራት፤ በ1974 ዊምብልደን ላይ፣ የፈረንሳይን ሻምፒዮና ካሸነፈ ጥቂት ሳምንት ያልሞላውን ብዮን ቦርግን በሦስት ተከታታይ ዙር የረታ ሰው ነው። በ1981 ካይሮ ላይ አርጀንቲናዊው ጊየርሞ ቪላስ አሸነፈ፤ በ1982 አውስትራሊያዊው ብራድ ድሩዌት። በዚያ ደረጃ የመጨረሻው ይኸው ነበር። (ድሩዌት በ2012 የዓለም የወንዶች ቴኒስ ማኅበር መሪ ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመት ዐረፈ።) የቦርንማውዙም ውድድር ለወንዶች ከ1983 በኋላ ተቋረጠ። የአሜሪካው ታላቅ ሻምፒዮና ደግሞ ለሦስት ዓመት ከተጫወተበት የሸክላ ሜዳ በ1978 ወደ ደረቅ ሜዳ ተዛውሮ ነበር። ደረቅ ሜዳ ውኃ አይጠጣም፤ አባት አያስፈልገውም።

የእኛም ተራ ደረሰ። በ1979 ዓ.ም. የክበቡ ሰዎች ተሰብስበው ሜዳዎቹ ሲሚንቶ እንዲለብሱ ወሰኑ። ክረምት ከበጋ ያገለግላል፣ ወጪ ይቀንሳል አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው እኔም ከመካከላቸው ብሆን እንደዚያው በወሰንሁ ነበር። አባቴን ዘበኛ አደረጉት። ሲሚንቶው ደርቆ የመጀመሪያው ጨዋታ በተደረገበት ቀን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዳር ቆሞ አየሁት። ኳሱ መስመር አጠገብ አረፈ፤ ሁለቱ ተጫዋቾች ተከራከሩ፤ ጮኹ፤ የሚጠሩት ሰው አልነበረም። ማታ ወደ ገርጂ ስንመለስ ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ሲሚንቶ ዱካ አይዝም።»

አባቴ በ1990 ዓ.ም. ዐረፈ። በ1994 ዓ.ም. በመስከረም፣ ዓለም ሁሉ ዓይኑን ኒው ዮርክ ላይ ተክሎ ሳለ፣ ድሮብኒ ለንደን ላይ ሞተ። ወሬውን ያየሁት ቆይቶ በእጄ ከገባ የውጭ ጋዜጣ ላይ፣ ከገጹ ግርጌ ነው። ሙሴ ያልነገረን አንድ ነገር ተጽፎበት ነበር፦ ድሮብኒ ቴኒስን የተማረው ፕራግ ውስጥ ኳስ አቀባይ ሆኖ ነው፤ አባቱ የዚያ ክበብ ሜዳ ጠባቂ ነበሩ። ጋዜጣውን አጥፌ ተነሣሁ፤ የምነግረው ሰው ፈልጌ ከቤቱ ወደ ደጃፉ ወጣሁ፤ እናቴ ሽሮ ታሰጣ ነበር። ነገርኋት። «ታዲያ አባትህ እያለ ምነው አልነገርኸው?» አለችኝ። አላወቅሁም ነበር አልኋት። እሷ የጠየቀችኝ ስለ ድሮብኒ ይሁን፣ በትምህርት ቤት ስላፈርሁት ነገር ይሁን፣ አሁንም አልለየሁትም።

መሐንዲሱ መረሬ ቤት አይሸከምም፣ ተጠርጎ ወጥቶ በሌላ አፈር ይተካ አለ። ቀዩም አብሮ ይወጣል ማለት ነው። ሠራተኞቹ «ይህንንስ ለብቻው እናስቀምጥልዎ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥቂት ቆንጥሬ በሁለት ጣቴ አሸሁት፤ ደርቋል፤ ውኃ አንሶታል። ጫኑት አልኋቸው። ሲኖትራኩ ከግቢው ሲወጣ ከጎማዎቹ ሥር ቀይ መስመር አስፋልቱ ላይ እየተከተለው ሄደ፤ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ይታይ ነበር። በማግሥቱ ዘነበ።