የተቆረጠው ፎቶግራፍ

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር አዲስ አበባን ሲያስጨንቅ፥ የተገደለ ልጅን አደባባይ ወጥቶ ማልቀስ እንኳ የተከለከለ ነበር። ሌላው ወላጅ ወረቀትና መጽሐፍ ሲያቃጥል የእኛ አያት መቀስ አነሡ፤ ከቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ ላይ የአጎታችንን ፊት ቆርጠው አወጡ። ጠልተውት አይደለም፤ የቀሩትን ልጆች ለማትረፍ ነው እንጂ።

እኛ ከዚያ ብዙ ዘመን ቈይተን ተወለድን። ሆኖም የመንግሥት ነገር በተነሣ ቍጥር፥ ከማን እንደ ተማርነው ሳናውቅ፥ ተነሥተን መስኮት እንዘጋለን። ርስት ማለት መሬት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም ይወረሳል።

በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የብዙ ሟቾችን ምስል በግድግዳው ላይ ይዟል። እኛ ግን የምንሰጠው ፊት የለንም። ስለዚህ ያንኑ የተቆረጠውን ፎቶግራፍ በአያታችን እጅ እንደ ተያዘ በካሜራ አነሣነው። በቀዳዳው ውስጥ መዳፋቸው ይታያል። አጥቦ ለመጣው ምስል «ከኋላው ስሙን ጻፉበት» አሉንና ጠሩልን። ስሙን ከአፋቸው የሰማነው ያን ቀን ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ የየቤታችሁን አልበም ግለጡ። ስለ ጐደለው ፊት ጠይቁ፤ የሚመልሱልን አረጋውያን ገና በሕይወት ሳሉ።