በባሌ ተራሮች አራዊትን በካሜራ ስለ ማደን

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ዲንሾ ከምትባል ከተማ ይደርሳል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚያ ነው። ፓርኩም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጽድና በኮሶ ጥላ ሥር ድንኳኑን ተክሎ ያደረ ሰው ማለዳ ብቅ ሲል፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን በቅርብ ሲግጥ ያያል። በዲንሾ አጋዘኑ ሰውን ስለ ለመደ ፎቶግራፍ ለማንሣት ብዙ አያስቸግርም።

የሳነቴ አምባ ግን ትዕግሥትን ይፈትናል። ከጎባ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ጅብራ ወደ በቀለበት፣ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ሜዳ ያደርሳል። ሌሊቱ ውሃን ያረጋልና፣ የካሜራን ባትሪ በብርድ ልብስ ውስጥ አቅፎ ማደር ይገባል፤ ብርድ ኃይሉን ፈጥኖ ይጨርሰዋል።

ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በመንጋ ነው፤ አደኑን ግን ለብቻው ያካሂዳል። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ስለ ሆነ፣ እነርሱ በቀን ከጉድጓድ ሲወጡ እርሱም በቀን ያድናል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺ ከመሮጥ ይልቅ ፍልፈል ከሚበዛበት ሜዳ ዳር ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ቀበሮው ጆሮውን አቅንቶ፣ ሆዱን ወደ ምድር አስጠግቶ፣ በቀስታ ሲራመድ ሲያይ፣ ከሩቅ ያንሣው እንጂ አይቅረበው፤ መቅረብ ምሳውን ማስመለጥ ነውና።

አንባቢ ሆይ፣ በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ይገመታል፤ ከእኩሌታ የሚበልጡትም በባሌ ይኖራሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ከቤት ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ውሻ አስከትሎ ወደ አምባው መውጣት አይገባም። ከጥቅምት ጀምሮ በሚወለዱት ቡችሎች ጉድጓድ አጠገብ መጠጋትም ክፉ ነው፤ እናቲቱ ተጨንቃ ቡችሎቿን በአፏ እያንጠለጠለች በብርድ ልትሰደድ ትችላለችና። በዚህ ዋጋ የተገኘ ሥዕል ቢያምርም ጌጥ አይሆንም።

ልጆቻቸውን ይዘው የሚጓዙ ወላጆችም ካሜራውን ለልጅ ከመስጠታቸው አስቀድሞ በጸጥታ መቀመጥንና በመነጽር አሻግሮ ማየትን ያስተምሩት። ፎቶግራፉ ሳይሳካለት ቢመለስ እንኳ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ቀበሮው በሜዳው ከቆየ በሌላ ጊዜ ያነሣዋል።