ውሃ የገባበት የጭቃ ቤት

በነቀምት፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ያሉት የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ በእንጨት ቆመው፣ ጭድ በተቦካበት ጭቃ ተመርገው የተሠሩ ናቸው። ሲሠሩ ውሃ በእንስራ ይገባባቸው ነበር እንጂ የልብስ ማጠቢያ መኪና ይተከልባቸዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዛሬ ግን መኪናው ገብቷል፤ የእናቶችን ጀርባ ስላሳረፈ እኛ አንነቅፈውም።

በ2016 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ ለቀናት ተቋርጦ የነበረው የቧንቧ ውሃ ሌሊት በኃይል ሲመለስ፣ ውሃ ወደ መኪናው የሚያስገባው ያረጀ ጎማ ፈነዳ። ሲነጋ የሳሎኑ ጣውላ በውሃ ተሸፍኖ፣ የአባታችን የብራና ዳዊት የሚቀመጥበት ሣጥንም ርሶ ተገኘ። አስቀድመን መብራቱን ደጅ ካለው ቆጣሪ ላይ አጠፋን፤ ውሃ በቆመበት ገመድ መንካት ነፍስ ያጠፋልና።

ከዚያ በኋላ ክርክር ተነሣ። እናታችን «በሩን ዘግታችሁ ከሰል አንድዱ» አሉ፤ ልማዱም ይኸው ነው። ነገር ግን፣ አንባብያን ሆይ፣ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛውን ሰው ሳያስነቃ ይገድላል። «እማዬ፣ ቤቱ ቢዘገይ ይዘግይ፤ እርስዎ በከሰል አጠገብ አይተኙም» አልናቸው። ጥቂት አኮረፉ። እኛም ዝናቡ ባባራ ቁጥር በርና መስኮቱን ከፈትን፤ ከግድግዳው ሥር ሁለት ጣውላ አንሥተን ከታች ነፋስ እንዲገባ አደረግን። በወለጋ ክረምት ሻጋታ 2 ቀን እንኳ አይታገሥም።

ግድግዳው ውሃውን እንደ ጥጥ ስቦ አንድ ክንድ ያህል ጠቍሮ ነበር። ግንበኛው በሲሚንቶ እንለስነው ቢለን እንቢ አልን። ሲሚንቶ እርጥበቱን በውስጥ አግቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፤ ምስጥም የሚሻው እርጥብ እንጨት ነው፤ ወለጋ ደግሞ ከምስጥ ጋር የቆየ ጠብ ያላት ሀገር ናት። የላላውን ምርጊት አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፍነን ፋቅነው፤ እስከ ኅዳር ክፍቱን ትተን፣ ከደረቀ በኋላ በጭቃ መርገን ኖራ ቀባነው።

ዳዊቱን ግን ፀሐይም እሳትም አላሳየነውም፤ ብራና ፈጥኖ ሲደርቅ ይኮማተራልና። ቅጠሎቹን ገልጠን፣ በየመካከላቸው ንጹሕ ጨርቅ አግብተን፣ ጨርቁን በየጊዜው እየለወጥን በጥላ አቆየነው። ሁለት ቅጠል ተጨማዶ ቀረ፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል።

መኪናው አሁን ሲሚንቶ በተነጠፈበት የጓሮ ኩሽና ውስጥ ቆሟል፤ ጎማው ተለውጧል፤ አጠባው እንዳለቀም ቧንቧውን የሚዘጉት እናታችን ናቸው።