የመለማመጃ ክፍሉን ኪራይ ማን ይክፈል?

ከላስ ቬጋስ ደቡብ ምሥራቅ፣ የቦልደር አውራ ጎዳና በሚያልፍባት ዊትኒ፣ ሳም ቦይድ የተባለው ስታዲየም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ዩቱ የተሰኘው የአየርላንድ ባንድ እዚያ ተጫውቷል። ስታዲየም ግን ለዓመታት የተደከመበት ሥራ ለሕዝብ የሚታይበት ቦታ ነው። ሥራው የሚጀመረው በአንዲት ጠባብ ክፍል ነው፤ የክፍሏን ኪራይም በየወሩ የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል።

በዚያው ሸለቆ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በሰመርሊን ያደገው ብሬንደን ዩሪ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1987 በዩታ ግዛት ከሞርሞን ቤተሰብ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ላስ ቬጋስ መጣ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ራያን ሮስና ስፔንሰር ስሚዝ የተባሉ የልጅነት ጓደኛሞች ወደ መሠረቱት ፓኒክ! አት ዘ ዲስኮ ገባ። የገባው ጊታር ሊጫወት ነበር። በልምምድ ላይ ሮስን ተክቶ ሲዘፍን ግን ጓደኞቹ ድምፁን ሰምተው መሪ ድምፃዊ አደረጉት። ወላጆቹ ኮሌጅ እንዲገባ ይጠብቁ ስለነበር ውሳኔው አስቆጣቸው፤ ከቤትም ወጣ። የመለማመጃውን ኪራይ ለመክፈል የፍራፍሬ ጭማቂ ቤት ተቀጥሮ ሠራ። ባንዱ በሕዝብ ፊት አንድም ጊዜ ሳይጫወት የፎል አውት ቦይ ባሲስት ፒት ዌንትዝ ላስ ቬጋስ ድረስ መጥቶ ሰማቸውና አስፈረማቸው። የመጀመሪያ አልበማቸውን በ2005 የቀረጹት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ነው።

ይህ ታሪክ ዘወትር የሚነገረው የተሰጥኦና የድፍረት ድል ተደርጎ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ሸርዊን ሮዘን በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው ግን፣ በእንዲህ ያለ ገበያ ትንሽ የችሎታ ልዩነት እጅግ ሰፊ የገቢ ልዩነት ይፈጥራል። ገቢው በጥቂቶች እጅ ሲከማች ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ስለዚህ ቁም ነገሩ ማን ተሰጥኦ አለው የሚለው ብቻ አይደለም፤ ቢወድቅ መውደቁን የሚሸከምለት ማን ነው የሚለውም ነው።

እናት የሆቴል ክፍል የምታጸዳበትን፣ አባት ታክሲ የሚነዳበትን የኢትዮጵያውያን ቤት እናስብ። የልጁ ዲግሪ የልጁ ብቻ አይደለም፤ የታናናሾቹም፣ ደሴ ያሉት አያቱም መድን ነው። እዚህ ቤት «ዘፋኝ ልሁን» ለሚል ልጅ የሚሰጠው «እምቢ» አዝማሪን ከሚንቀው የቆየ አመለካከት በከፊል ይመነጭ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ የሚከብደው ግን ስሌቱ ነው፤ ስሌቱም ስሕተት የለበትም።

ኪራዩን መክፈል ያልቻለ ሙዚቀኛ ምን እንደሚያደርግ ከኃይሉ መርጊያ መረዳት ይቻላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዋልያስ ባንድ ጋር ለዝግጅት አሜሪካ መጥቶ ቀረ፤ በዋሽንግተን ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዞ እየዞረ በአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ2013 የቀድሞ ሥራው ዳግም ታትሞ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ጽናቱ ይደነቃል። ነገር ግን አድናቆታችን የዘገዩትን ዓመታት ዋጋ ሊሸፍንብን አይገባም።

ዛሬ ስሌቱ በጥቂቱ ተለውጧል። ዩሪ ከቤት በወጣበት ዘመን ያልነበረው የ2010 የጤና ሕግ፣ ወላጅ ቤተሰብን የሚሸፍን መድን ካለው ልጁ እስከ 26 ዓመቱ እንዲሸፈን ይፈቅዳል። መስፈርቱን ለሚያሟሉ ተማሪዎች የሚሰጠው የኔቫዳ የሚሌኒየም ስኮላርሺፕም ሁለተኛ ደረጃ ከተጠናቀቀ በኋላ ለስድስት ዓመት ይቆያል። የሁለት ዓመት ሙከራ እንግዲህ የኮሌጁን በር አይዘጋም። የጎደለው ክፍሉ ነው፤ በሥራ ቀናት ባዶ የሚውል አዳራሽ ያለው የማኅበረሰብ ድርጅት አንዱን ክፍል በጥቂት ክፍያ ቢከፍት ከብዙ የገንዘብ ሽልማት የበለጠ ይጠቅማል።

ሌላው የሚያስፈልገው የጽሑፍ ውል ነው። የመጀመሪያውን አልበም ግጥሞች በአብዛኛው የጻፈው ሮስ በ2009 ተለየ፤ ስሚዝም በ2015 ወጣ። ብዙ ዋጋ ያተረፈው ስም ለድምፃዊው ብቻ ቀረ። «ሃይ ሆፕስ» የተሰኘው ዘፈኑ በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አራተኛ ደረጃ ደረሰ። ዘፈኑ እናት ለልጇ ስላላት ተስፋ ማውሳቱ የቤተሰቡን የቀድሞ ጠብ ለሚያውቅ ሰው ልብ ይነካል። በ2023 ዩሪ ልጅ እየጠበቀ መሆኑን ገልጾ ባንዱን ዘጋ።

አሁን እሱ ራሱ ወላጅ ነው። የዊትኒዋ እናትም ልጇን «ትዘፍናለህ ወይስ ትማራለህ?» ብላ ከማስጨነቅ ይልቅ «እስከ መቼ ትሞክራለህ? ኪራዩንስ ማን ይከፍላል?» ብላ ብትጠይቀው ይሻላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ልጁን ከቤት አያስወጣውም፤ አብረው ቁጭ ብለው ያሰሉታል።