ደረሰኙን መልሼ ኪሴ ከተትኩት

ውጫሌ ያደገ ሁሉ የ1881ዱን ውል አንቀጽ 17 ያውቃል፤ በአማርኛው «ይቻላል»፣ በጣሊያንኛው ግዴታ። ተማሪዎቼ፣ ስንቴ አስተምሬያችኋለሁ! ሰሞኑን ግን እኔው ተማርኩት።

ማስተማር ትቼ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ የነጋዴዎች ማኅበር አባል ነኝ። አባላት ተመናመኑ፣ ካዝናው ባዶ ሆነ። የወጡትን መልሱ ተብለን ደረሰኝ ይዘን ሱቅ ለሱቅ ዞርን።

አንድ የእህል ነጋዴ ጋሼ ቡና አጠጡን። በረካው ላይ መዋጮውን ሳነሳ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጄ፣ በ2014 በጦርነቱ ሱቄ ተዘርፎ ባዶ ጆንያ ታቅፌ ስቀመጥ፣ ከማኅበሩ ‹አይዞህ› ያለኝ ሰው ነበር?» አሉኝ።

አልነበረም። እኔም አልሄድኩም። «ሁላችንም ተጎድተን ነበር» ልል አስቤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ለእኛ ማኅበር መዋጮ ነበር፤ ለእሳቸው መደራረስ። አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም።

«ይቅር ይበሉን» ብዬ ወጣሁ። ማታ ተሰብስበን፣ ገንዘብ ከማንሳታችን በፊት የወጡትን ሁሉ ሄደን ልንጠይቅ ተስማማን።

ጋሼ ገና አልተመለሱም። ትናንት ግን በደጃቸው ሳልፍ «ግባ እንጂ፣ ቡና ደርሷል!» ብለው ጠሩኝ።

እናንተን ከማኅበር ያስወጣችሁ ምን ነበር?